የሚስቴ የጧት ባል

ሚስቴ ጧት ስትነሣ መጀመሪያ የምታነጋግረው እኔን አይደለም፤ ሌላ ወንድ ነው። ይህን ያጫወትኩት ሰው ሁሉ ወዲያው ከንፈሩን ይመጥልኛል። ሰውዬው የስኳር ክትትል ክፍል ነርስ ነው ስለው ደግሞ ይስቃል። ነርስ ሲሆን ወንድነቱ ቀረ እንዴ? ቁመቱ መለሎ፣ ድምፁ ወፍራም፣ ጥፍሩ ንጹሕ። እኔ ከጧት እስከ ማታ ዱቄት ስነፋና ክሬም ስመታ የምውል ኬክ ሠሪ ነኝ። ብታጠብም ብለቃለቅም ጆሮዬ ውስጥ ዱቄት አይጠፋም።

ስም አውጥቼለታለሁ፤ የጧት ባሏ። እሷ ፊት አልለውም እንጂ ዳቦ ቤታችን ውስጥ ሁሉም ሰው በዚሁ ስም ነው የሚያውቀው።

ሚስቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ስኳር አለባት፤ ኢንሱሊን ካልተወጋች የማትኖር ዓይነት። ደብቃኝ አልተጋባንም። ያወቅኋት የዳቦ ቤቱ መስኮት ላይ ተደግፋ የደረደርኳቸውን ኬኮች ስታይ ነው። "ግቢና ቅመሺ እንጂ" ብላት፣ "እኔ የዓይን ደንበኛ ነኝ" አለችኝ። እዚያው እጄን ሰጠሁ። ጓደኞቼ ኬክ ሠሪ የስኳር በሽተኛ አገባ እያሉ ብዙ ቀለዱብን፤ እኛም አብረን ሳቅን።

የመጀመሪያ ልጃችን ሴት ነበረች። ልቧ በወጉ ሳይሠራ ተወለደች፤ አቅፈን ሳንጠግባት አጣናት። ሐኪሟ ቆየት ብላ ሁለታችንንም አስቀምጣ አስረዳችን። የልጅ ልብ የሚሠራው በእርግዝናው መጀመሪያ ሳምንታት ነው፤ ሴቲቱ ማርገዟን እንኳ በውል ሳታውቅ። በዚያን ጊዜ የእናትየው ስኳር ከፍ ብሎ ከሰነበተ፣ ስኳሩም፣ ሰውነት ስኳሩን መጠቀም ሲያቅተው የሚያመነጫቸው ነገሮችም የልጁን አፈጣጠር ሊያዛቡት ይችላሉ አለች። ቀጥላም "ሊያዛቡ ይችላሉ ነው ያልኩት። ስኳር እያለባቸው ጤነኛ ልጅ የሚወልዱ ብዙ ናቸው። የእናንተም በምን እንደመጣ በርግጠኝነት የሚነግራችሁ ሰው የለም" አለች። ሚስቴ የሰማችው የፊተኛውን ነው። የኋለኛው ባንዱ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ወጣ።

ለሁለተኛው ታዲያ ሳይቃጠል በቅጠል አልን። ከማርገዟ በፊት ስኳሯ መስመር እንዲይዝ ተብሎ ለዚህ ነርስ ተሰጠች። በየጧቱ ጣቷን ወግታ ቁጥሩን ታያለች፣ ትደውልለታለች፣ እሱ ደግሞ መርፌውን ጨምሪ ወይም ቀንሺ ይላታል። እንዲህ ከርማ አረገዘች። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ቅናቴም እንደዚያው።

የምትደውለው ሰገነቱ ላይ ወጥታ ነው። በሩን ትዘጋዋለች። በሩ መስታወት ስለሆነ አያታለሁ፣ አልሰማትም፤ ይኼ ጨርሶ ካለማየትም ይብሳል። ጀርባዋን ሰጥታኝ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ፀጉሯን በጣቷ ትጠቀልላለች፣ አንዳንዴም ትስቃለች። ስለ ስኳር ምን የሚያስቅ ነገር አለ? እኔ ስንት ዘመን በስኳር ስተዳደር አንድም ቀን አስቆኝ አያውቅም።

ስትገባ "ስንት ሆነ?" እላታለሁ።

"ደህና ነው።"

"ደህና ማለት ስንት ነው?"

"ደህና ነው አልኩህ እኮ። ሻይህ እንዳይቀዘቅዝ።"

ለእሱ ቁጥር፣ ለእኔ "ደህና ነው"! አንጀቴ እርር ይላል። ለቁጥሩ ጓጉቼ እንዳይመስላችሁ፤ ቁጥሩን ብሰማው እንቅልፍ እንደማይወስደኝ አውቃለሁ። የፈለግሁት ከእሱ ቀድሜ መስማት ነው። የልጁ አባት እኔ ሆኜ ሳለ የልጁን ነገር መጀመሪያ የሚሰማው ያ መለሎ!

አንድ ጧት በሩ በወጉ ሳይገጥም ቀረ። "እንደምን አደርክ?" ስትለው ሰማሁ። ድሮ "እንደምን አደሩ" ነበር የምትለው፤ ብትፈልጉ እምላለሁ። ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የተቀራረቡት? ወዲያው ደግሞ ከስልኩ ውስጥ ያ ወፍራም ድምፅ "ጎበዝ! እንዲህ ነው እንጂ!" ሲላት ፊቷ ሲፈካ በመስታወቱ አየሁ። እኔ ፎቅ በፎቅ የተደራረበ ኬክ ሠርቼ፣ አበባውን በእጄ ደርድሬ፣ ሳይዘምብኝ በደረጃ ተሸክሜ አውርጄ ጎበዝ ያለኝ ሰው የለም። እሷ ጣቷን ስለወጋች ጎበዝ!

እልህ ያዘኝ። ስኳር የሌለበት፣ ከለውዝ ዱቄትና ከእንቁላል የተሠራ ትንሽዬ ኬክ ለእሷ ብቻ ብዬ ሠራሁ። ለማንም እንዲህ ተጨንቄ ሠርቼ አላውቅም። ቁራሽ ቆርጬ ስሰጣት በሹካዋ ነካ ነካ አደረገችውና "ቆይ እስቲ፣ ልጠይቀው" አለችኝ። በማግስቱ "ምን አለሽ?" ብላት "ይቅርብሽ አለኝ" ብላ ኬኩን ወደ ማቀዝቀዣው መለሰችው። የኔን ሥራ በስልክ ጀርባ ሆኖ ይቅርብሽ! ያን ቀን ክሊኒኩ ድረስ ሄጄ ኬኩን ፊቱ ላይ ልለጥፍበት ምንም አልቀረኝም።

ለጋሼ ነገርኩት። ጋሼ ምድጃችንን የያዘ ትልቅ ሰው ነው። የራሱ ትዳር ሰላም ሆኖ አሰልችቶታል መሰለኝ የሌላውን ሲያምስ ደስ ይለዋል።

"በስልክ ነው አልክ?" አለኝ እጁን በሽርጡ እየጠራረገ።

"በስልክ ነው ጋሼ። በየጧቱ።"

"እሑድም?"

"እሑድም!"

"እንግዲህ ምን እልሃለሁ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ" አለና ዳቦውን ሊያወጣ ዞረ። ይህን ወርውሮብኝ ዳቦውን ማውጣት! እኔ ያን ቀን "እንኳን ደስ ያለሽ" የሚለውን ጽሑፍ ኬኩ ላይ አጣምሜ ጻፍኩት፣ ደንበኛዋም ደስ ሳይላት ወሰደችው።

ሽታው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

አፍንጫዬ የእንጀራ ገመዴ ነው። ቅቤ ገና ሊበላሽ ሲያስብ አውቅበታለሁ። አንድ ጧት ከቤት ልወጣ ስል ልስማት ጠጋ አልኩና ከአፏ ጣፋጭ ነገር ሸተተኝ። ከልክ ያለፈ የበሰለ አናናስ የመሰለ፣ ከበስተኋላው ደግሞ ሴቶች የጥፍር ቀለም የሚያስለቅቁበትን ፈሳሽ የመሰለ። ካረገዘች ወዲህ ሽቶ ያጥወለውላታል፤ የኔን እንኳ ከቤት አስወጥታዋለች። ጥፍሯን አየሁ፣ ቀለም አልነካውም።

"ምን በልተሽ ነው?" አልኳት።

"ምንም" አለችና ፊቷን አዞረች።

እኔ ፊቷን ማዞሯን ይዤ ሄድኩ። በማግስቱም ሽታው አለ። ከዚያም እየጨመረ መጣ። ሻርፗን አሸተትኩ፣ ቦርሳዋን ከፍቼ አሸተትኩ፣ ትራሷን ሳይቀር አሸተትኩ። ምንም የለም። ልብሷ ላይ የሌለ ሽታ አፏ ላይ ምን ይሠራል? የቀናተኛ አእምሮ መቼም ሥራ አይፈታም፤ ከአፍ የሚሸት ነገር ከአፍ ነው የመጣው ብሎ ፈረደ። ሰውዬው የአናናስ ከረሜላ ይወዳል አልኩ። እሷ ለክትትል ትሄዳለች፣ እሱ ከረሜላውን ባንዱ ጉንጩ ያደርገዋል... ከዚያ ወዲያ ያለውን ማሰብ አልፈልግም ነበር፤ ግን ቀኑን ሙሉ የማስበው እሱን ነው።

ጋሼም አላገዘኝም። "አናናስ?" አለና ዓይኑን ጠበብ አደረገ። "አናናስ የሚሸት ወንድ አይታመንም።"

"ለምን?"

"እንጃ። ብቻ አይታመንም።"

ሌሎች ምልክቶችም ነበሩ። ፊቷ ኮስሷል። ያስመልሳታል፤ "የእርግዝና ነው፣ ማንን የማያስመልሰው አለ?" ትለኛለች። ውሃ ትጠጣለች፣ ደግማ ትጠጣለች። ገበታ ስንቀርብ "እኔ ቅድም በልቻለሁ" ትላለች። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ አይቼዋለሁ። ግን ምን ብዬ? የከሳችው ለማን ብላ ነው፣ ቅድም የበላችው ከማን ጋር ነው እያልኩ። ውሸቴ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አሟት ይሆናል የሚለው ሐሳብ ባጠገቤ አላለፈም።

አንድ ቀን ለአንድ መሥሪያ ቤት ኬክ ላደርስ የዳቦ ቤቱን መኪና ይዤ ወጣሁ። ኬኩን አስረከብኩ። ስመለስ መንገዱ ወደ ዳቦ ቤቱ ነበር፤ እኔ ግን ወደ ክሊኒኩ ታጠፍኩ።

ኮሪደሩ ላይ ነፍሰ ጡሮች ተደርድረው ተራ ይጠብቃሉ። በሩ ተከፍቶ እሱ ብቅ ሲል ሁሉም ፈገግ አሉ። የሁሉም የጧት ባል ነው ለካ! አንዷ "ወንድም፣ ተራ አለ እኮ" ስትለኝ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ተከትዬው ገባሁ።

"አወቅኩህ፣ ባለኬኩ ነህ አይደል?" አለኝ ፈገግ ብሎ። "ግባ ወንድሜ፣ ተቀመጥ።"

አልተቀመጥኩም። ጠጋ ብዬ ኮሌታውን አሸተትኩት። ሳሙናና አልኮል። ወደ አፉ ጠጋ ስል ሰውዬው ወደ ግድግዳው ሸሸ።

"ምን ሆነሃል?"

"ከረሜላ ትበላለህ?"

"እኔ?"

"የአናናስ ከረሜላ። እንቅጩን ንገረኝ!"

"ስኳር ክፍል ተቀምጬ ከረሜላ?" አለ ግራ ተጋብቶ። "ኧረ ወንድሜ፣ ምንድን ነው ነገሩ?"

ያን ጊዜ ፈነዳሁ። ኮሪደሩ በሙሉ ሰምቷል። "ሚስቴ ካንተ ጋር ከገጠመች ወዲህ አፏ ሌላ ሌላ ይሸታል! አናናስ! ያውም ሊበሰብስ የደረሰ፣ ላዩ ላይ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የፈሰሰበት! እኔን ማን መሰልኩህ? ይኼ አፍንጫ ስንት ዓመት የሠራ አፍንጫ ነው!"

ይመታኛል ወይም ዘበኛ ይጠራብኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን ቁጣም አልታየበት። ፊቱ አመድ መሰለ።

"ትንፋሿ ነው የሚሸተው?"

"ትንፋሿ!"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ሰሞኑን። አሁን አሁን ብሷል።"

"ያስመልሳታል?"

"የእርግዝና ነው..." ብዬ ጀመርኩ።

"ትበላለች? አንተ ራስህ እያየሃት ትበላለች?"

ሚስቴ ስትጎርስ መጨረሻ ያየሁበትን ቀን ላስታውስ ሞከርኩ። አጣሁት።

ስልኩን አንሥቶ ደወለላት። አታነሣም። ደግሞ ደወለ። የእሱን ስልክ አለማንሣቷ ሊያስደስተኝ ሲገባ ቆሌዬ ተገፈፈ። "ቤታችሁ ቅርብ ነው፣ መኪና ይዘሃል?" አለኝ፤ ቦርሳውን አንጠልጥሎ መልሴን ሳይጠብቅ ወጣ።

መኪናው ውስጥ እየነዳሁ አስረዳኝ። "ምግብ ትታለች ማለት ነው። መርፌውንም በገዛ እጇ ቀንሳዋለች። ሰውነት ምግብም ኢንሱሊንም ሲያጣ የራሱን ስብ ማንደድ ይጀምራል። ጎተራው ተቆልፎበት የቤቱን በር ፈልጦ የሚማግድ ሰው በለው። ከዚያ የሚተርፈው ነገር ኪቶን ይባላል፤ ሲበዛ ደምን ይመርዛል። በትንፋሽም ይወጣል። አንተ ያሸተትከው እሱን ነው።"

"ልጁስ?"

"ፍጠን" ብቻ አለኝ።

መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ግድግዳ ተደግፋ አገኘናት። ሩጣ የመጣች ይመስል አየሩን በረጅሙ እየሳበች ትተነፍሳለች። ዓይኗን ገልጣ እኔን ሳይሆን እሱን ስታይ ደነገጠች። ተንበርክኮ ጣቷን ወጋ። መሣሪያውን አይቶ "ስኳሯ ያን ያህል አልወጣም" ሲል እፎይ አልኩ። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ። "ያታለለን እሱ ነው" አለና በሌላ መሣሪያ ሌላ ጠብታ ወሰደ። የሁለተኛውን ቁጥር አልነገረኝም።

እጁን በወገቧ አዙሮ ሲያነሣት ቀናሁ። አዎ፣ እዚያም ላይ። ሚስቴ እጄ ላይ ልትቀር ነው፣ ልጄ ሊቀር ነው፣ እኔ የሰው እጅ የት እንዳረፈ አያለሁ። ቅናት እንዲህ ያለ ይሉኝታ ቢስ ነገር ነው።

"አምጣ፣ እኔ ልያዛት" አልኩት።

"ያዛት፤ ግን እኔ መንዳት አልችልም።"

መንዳት አይችልም! ይህችን ታህል ጉድለት ስላገኘሁበት በዚያ ሁሉ ጭንቅ ውስጥ ትንሽ ቀለል አለኝ። እሱ ከኋላ በባዶ የኬክ ካርቶኖች መካከል ደግፏት ተቀመጠ፣ እኔ ነዳሁ። እንዴት እንደነዳሁ የመንገዱ ሰው ይናገር።

ሆስፒታል ግሉኮስና ኢንሱሊን ተሰካላት። ከብዙ ቆይታ በኋላ ሐኪሟ ወጥታ የልጁ ልብ እንደሚመታ ነገረችን። "እሷም ትድናለች። ልቡ በትክክል መሠራቱን ግን አሁን ልነግራችሁ አልችልም፤ እርግዝናው ገፋ ሲል በአልትራሳውንድ እናየዋለን" አለች። ስኳሯ ብቻ ሳይሆን ይህ መርዝ ስንት ቀን ደሟ ውስጥ እንደቆየ አለማወቋ እንደሚያሳስባትም አልሸሸገችንም።

እኔና የጧት ባሏ አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ቀረን።

"በልቻለሁ ነበር የምትለኝ" አለ ወለሉን እያየ። "ምን በላሽ ስላት ትዘረዝርልኛለች። ዳቦ፣ እንቁላል፣ ወተት። ካስመለሰሽ ሽንትሽን መርምሪበት ብዬ መመርመሪያ ሰጥቻታለሁ፤ አንድም ቀን አላስመለሰኝም አለችኝ። ያንተንም ኬክ ጠይቃኝ፣ አንድ ቁራሽ ብዪ ብያታለሁ። በላሁት፣ በጣም ይጣፍጣል አለችኝ። እኔ ደግሞ ቁጥሩ እያማረ ሲመጣ ጎበዝ፣ ጎበዝ..." አለና ግንባሩን በመዳፉ ያዘ።

ለእሱም ዋሽታለች! ምን ልበላችሁ፣ ደስ አለኝ። ደስታው ግን አልቆየም። እሱንም እኔንም ከዋሸች እውነቱን ይዛ ስትማቅቅ የከረመችው ብቻዋን ነው ማለት ነው። ያቺ ያልተነካች ኬክ ትዝ አለችኝ።

ሲሻላት ገባሁ። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ዓይኗ ግን የእሷ ዓይን ሆኗል።

"ለምን?" አልኳት።

"ካልበላሁ ስኳሩ ከየት ይመጣል ብዬ ነዋ" አለች ቀስ ብላ። "በበላሁ ቁጥር ቁጥሩ ይወጣል። ቁጥሩ በወጣ ቁጥር የልጁን ልብ በገዛ እጄ የማበላሸው ይመስለኛል። ጉሮሮዬ ተዘጋብኝ፣ ምን ላድርግ? ባዶ ሆድ ስሆን ግን ቁጥሩ ያምራል። እሱም ደስ ይለዋል።"

"እሱም ደስ ይለዋል" የምትለዋ አቃጠለችኝ። ልናገር ያላሰብኩት ከአፌ አመለጠ።

"ለእኔስ? ለእሱ በየጧቱ ስትደውዪ ለእኔ ደህና ነው፣ ደህና ነው! ትወጂዋለሽ?"

መጀመሪያ ሳቀች፤ አቅም ያጣ ሳቅ። የምሬን መሆኔን ስታይ ተወችው።

"በመጀመሪያዋ ልጃችን ጊዜ ቁጥሩን ለማን ነበር የምነግረው?"

ለእኔ ነበር።

"ቁጥሩ ሲወጣ ፊትህ ይጠፋል። ምግብህን ትተዋለህ፣ ጥግ ይዘህ ታለቅሳለህ። እኔ የራሴን ፍርሃት ውጬ አንተን ሳባብል እውላለሁ። እሷን የቀበርን ቀን እንኳ አንተን ስደግፍ ነው የዋልኩት፤ እኔ መቼ አለቀስኩ? እሱ ግን እሺ ይላል፣ መርፌውን ይነግረኛል፣ ስልኩን ይዘጋል። ለእሱ የምነግረው ስለማይወደኝ ነው፣ ገባህ?"

ገባኝ። ገብቶኝም ቀናሁ፤ ያውም ከበፊቱ ይበልጥ። በፊት ይወዳታል ብዬ ነበር የቀናሁበት። አሁን ስለማይወዳት ቀናሁበት። ሚስቴ የሚያስፈራትን ነገር ሁሉ ምንም ሳይሆን መስማት ይችላል፤ እኔ ደግሞ በመውደዴ ብዛት ከደጅ ቀርቻለሁ። እንዲህ ያለውን ነገር ከረሜላ በልተህ ነው ብለህ ማን ላይ ትጮህበታለህ?

ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ ስልኩ አልቀረም። ሰገነቱ ግን ቀረ። አሁን ገበታ ላይ ሆና ድምፁን ከፍታ ታነጋግረዋለች፤ እሱ "ምን በላሽ?" ሲል መልሱን የምሰጠው እኔ ነኝ። "እያየኋት ነው፣ እየጎረሰች ነው" እላለሁ እንደ ኳስ ጨዋታ አስተላላፊ። የሽንቱንም መመርመሪያ አብረን እናየዋለን። ስትበላ ቁጥሩ አንዳንዴ ይወጣል፤ ነርሱም መውጣቱን ሲሰማ መርፌውን ያስተካክላል እንጂ ጎበዝም ሰነፍም ማለቱን ትቷል።

የኔ ሥራ ፊቴ ሆነ። ዳቦ ቤት የኬክ ማሳያው መስታወት ፊት ቆሜ ለራሴ ክፉ ክፉ ቁጥር እየነገርኩ "እሺ" ማለት እለማመድ ጀመር።

"ምን ሆነህ ነው ጉርድ ፎቶ እንደሚነሣ ሰው የምትደርቀው?" አለኝ ጋሼ።

"ለሚስቴ ነው።"

"ይኼንን ፊት?" አለና ሄደ።

መጀመሪያ ቁጥሩ የወጣ ጧት ዓይኔን ሻይዬ ውስጥ ደበቅሁ። "ቀና በል እስቲ" አለችኝ። ቀና አልኩ። ጉንጬ እንደተንቀጠቀጠ ይሰማኛል። ለአፍታ አየችኝና ዳቦዋን ጎረሰች፤ ሌላም ደገመች። ያን ቀን ሥራ ቦታ ዱቄት መጋዘን ገብቼ አለቀስኩ፤ ቢያንስ እሷ ፊት አልነበረም።

የልቡ ምርመራ ቀን ደረሰ። የምታየው ሐኪም እናቲቱን ብቻ ነው የምታስገባው። ነርሱ ጧት በስልክ "እንደወጣሽ ደውዪልኝ" ብሏት ነበር፤ እሷም "እሺ" ስትለው ሰምቻለሁ። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ስለ ልጄ ልብ አሰብኩ። ይህን እያሰብኩ ደግሞ ሌላም አሰብኩ፤ ያሳፍራል፣ ግን አሰብኩ። በሩን ከፍታ ስትወጣ ስልኩ ጆሮዋ ላይ ይሆን? መጥፎም ቢሆን ደግም ቢሆን ቀድሞ የሚሰማው እሱ ይሆን?

ወጣች። ስልኩን በእጇ ይዛዋለች፤ አልደወለችም። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ፊቴን አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው።

"የልቡ አራቱም ክፍሎች አሉ" አለችኝ።

"እሺ።"

"የታችኞቹን ሁለቱን የሚለየው ግድግዳ ላይ ግን ቀዳዳ አለ። ትንሽ ነው አለች። ብዙውን ጊዜ ራሱ ይደፈናል፤ ካልተደፈነም ከተወለደ በኋላ ይጠገናል። እንደ መጀመሪያዋ አይደለም፣ ከእሷ ጋር አይወዳደርም አለች።"

ውስጤ የሆነውን ሆድ ይፍጀው። ፊቴ ግን ባለበት ቆየ።

"እሺ" አልኳት። "መቼ ደግማ ታይሻለች?"

"በሚቀጥለው ወር።"

"እሺ። አብረን እንመጣለን።"

"በኔ ስኳር ነው?" አለችኝ። "ጠየቅኋት። ማወቅ አይቻልም አለች። ባለመብላቴም ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል።"

"እኔም አላውቅም" አልኳት። አይደለም ልላት ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ያን ብላት መልሳ እኔን ልታጽናና ነው።

ስልኩ እጇ ላይ ጠራ። እሱ ነው። አየችው፣ ድምፁን አጠፋችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ግንባሯን ትከሻዬ ላይ ጣለች። ለዚህኛውም፣ ለመጀመሪያዋም፣ ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ እያየን፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። እኔ ይዣት ተቀመጥኩ፤ አላለቀስኩም።